ንዝረት ሲቆጠር የሚደነግጠው ማን ነው?

«ትንንሹን የመሬት ንዝረት ሁሉ ለሕዝብ ብንገልጽ ሽብር እንነዛለን» የሚል ክርክር የተማሩ ሰዎች ሳይቀሩ ሲሰነዝሩት እሰማለሁ። በጂኦተርማል ጉድጓዶች ዙሪያ የሚመዘገብ መረጃን በቢሮ መሳቢያ ለማስቀረት ከዚህ የከሳ ምክንያት አላውቅም።

እስቲ ደቡብ ኮሪያን እንመልከት። በፖሃንግ ከተማ አጠገብ፣ ሙቀት ለማውጣት ሲባል ወደ ጥልቅ ዐለት በከፍተኛ ግፊት ውኃ ይገባ ነበር። በኤፕሪል 2017 (እ.ኤ.አ.) ከ3 በላይ የተለካ ንዝረት ደረሰ። መሣሪያው መዝግቦታል፤ የሚመለከታቸውም ያውቁታል። ሆኖም በኦገስት ውኃው እንደገና ገባ። በኖቬምበር 15 ከ5 በላይ የተለካው ርዕደ መሬት ከተማዋን መታ፤ በርካቶች ቆሰሉ፣ ከቤታቸው ተፈናቀሉ። መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ቡድንም በ2019 መንስኤው ያው ጉድጓድ መሆኑን አረጋገጠ። አስቀድሞ የመጣው ምልክት ለነዋሪው ተነግሮት ቢሆን ኖሮ፣ ያ ውኃ በኦገስት ያለ ጥያቄ ይገባ ነበርን?

«አሉቶ ፖሃንግ አይደለም» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። አሉቶ ላንጋኖ ላይ የሚፈለገው ተፈጥሮ ራሷ ያፈላችው እንፋሎት ነው። ነገር ግን አሉቶ በስምጥ ሸለቆ የተቀመጠ እሳተ ገሞራ ነው፤ ማንም ሳይነካውም ይንቀጠቀጣል። ከ2012 እስከ 2014 መሣሪያ ተክለው የቆዩ ተመራማሪዎች በዙሪያው ከ2,000 በላይ ትንንሽ ንዝረቶችን ቆጥረዋል። ጥናት ግን ያልቃል፤ ተራራው አያልቅም።

በ2024 ማብቂያና በ2025 መግቢያ በአዋሽ ፈንታሌ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ሲነሣ፣ ሳይንቲስቶች ከምድር በታች ወደ ተፈጠረ የቅልጥ ዐለት እንቅስቃሴ አመለከቱ። ነገ ተመሳሳይ ነገር በአንድ ጉድጓድ አጠገብ ቢደርስስ? ገበሬው «ቁፋሮው ነው» ይላል፤ ኩባንያው «ተፈጥሮ ነው» ይላል። ከቁፋሮው በፊት የተጀመረና ያልተቋረጠ መዝገብ ከሌለ የሁለቱም ቃል ወሬ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ (እንደምናውቀው) የሚያሸንፈው ጠበቃ ያለው ወገን ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው መሰርሰሪያ ከመግባቱ በፊት መሣሪያው ይተከል፤ መዝገቡ በቆፋሪው እጅ ሳይሆን እንደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ ስፔስ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ባለ ተቋም እጅ ይሁን፤ በየዕለቱም ይፋ ይውጣ። ንዝረቱ ስንት ሲደርስ ሥራው እንደሚቆም ደግሞ ለዙሪያው ነዋሪ አስቀድሞ፣ በሚናገረው ቋንቋ ይነገረው።