ሽማግሌን ማክበርና ሽማግሌን ማስቀመጥ

ሽማግሌ ከቤት ሲገባ ወጣቱ «ኖር» ብሎ መነሣቱ፥ አረጋዊው ውሃ ሲጠማው ልጅ ሮጦ ማምጣቱ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው። ይህን ለመንቀፍ አልተነሣንም። ዳሩ ግን በከተማ ኑሮ ክብሩ ከልክ አልፎ አረጋውያንን ከወንበር የሚያስር ሆኖ ስላየነው ዝም ማለት አልቻልንም።

ጥፋቱን ከራሳችን ቤት እንጀምር። ትምህርታችንን በውጭ አገር ፈጽመን በተመለስን ጊዜ ለአባታችን ትልቅ ባለመደገፊያ ወንበር ገዛንላቸው። ገበያ እንዳይወርዱ፥ ዕድር በእግራቸው እንዳይሄዱ፥ የጓሮውን ጎመን እንዳይኰተኵቱ ከለከልናቸው። ይህን ሁሉ ያደረግነው በፍቅር ነበር። ዓመት ሳይሞላ ግን ሰው ካልደገፋቸው ከዚያው ወንበር መነሣት ተሳናቸው። ጎረቤት «እርጅና ነው» አለ፤ የጤና መኰንን ነን ባዮቹ እኛም አምነን ተቀበልን!

ነገሩ እርጅና ብቻ አልነበረም። የጭን ጡንቻ ሥራ ሲያጣ ይከሳል፥ ይላላልም፤ ጡንቻው ሲደክም ሰውየው ይወድቃል፤ በእርጅናው ወድቆ የዳሌው አጥንት የተሰበረ ሰውም ብዙ ጊዜ ወደ ቀድሞ አካሄዱ አይመለስም። ሥራ ያገኘ ጡንቻ ግን በስተርጅናም ይበረታል። በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ፥ በመጦሪያ ቤት የሚኖሩ 90 ዓመት ገደማ የሆናቸው አረጋውያን ለ8 ሳምንታት በእግራቸው ክብደት እንዲያነሡ ቢደረግ፥ የእግራቸው ጉልበት በአማካይ ከእጥፍ በላይ እንደ ጨመረ ሐኪሞች በ1990 እ.ኤ.አ. አስታውቀዋል።

ስለዚህ የበደልንባቸውን ያንኑ ወንበር መድኃኒት አደረግነው። ጧትና ማታ ከእርሱ በዝግታ መነሣትና መቀመጥ ነው፤ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። በመጀመሪያው ቀን አባታችን በሁለት እጃቸው ተደግፈው ሁለት ጊዜ ብቻ ተነሡ። በሦስተኛው ወር እጃቸውን ሳይደገፉ አሥር ጊዜ ተነሡ።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፥ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ያዛል፤ ይህም በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር፥ ሦስት ቀን ደግሞ ሰውነት ሚዛኑን እንዲጠብቅ የሚያለማምድ ሥራ ይጨመርበታል። ደረቱን የሚያመው ወይም ሲራመድ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ግን አስቀድሞ ለሐኪም ይታይ።

መምህራን ሆይ፥ ነገሩ እናንተንም ይነካል። ሠላሳ ዓመት ከሰሌዳ ፊት ቆሞ የኖረ መምህር በ60 ዓመቱ ጡረታ ወጥቶ ማግሥቱን ከቴሌቪዥን ፊት ሲቀመጥ ብዙ ጊዜ አይተናል። ልጆቹም ደስ ይላቸዋል፤ «አባባ ዐረፈ» ይላሉ።

አባታችን ዛሬ ዕድር የሚሄዱት በእግራቸው ነው። ባለፈው ወር ጃንጥላቸውን ልንይዝላቸው እጃችንን ብንዘረጋ ተቈጥተው መለሱን።