ማዳበሪያው የት እንደደረሰ በዕለቱ ይታወቅ

ከግንቦት እስከ ሐምሌ ያሉት ወራት ለአርሶ አደሩ የአንዲት ቀን ዋጋ የሚለካባቸው ናቸው። ማሳው ታርሶና ዝናቡ ጥሎ ማዳበሪያው ካልደረሰ፣ ዘግይቶ የሚመጣው ለዓመቱ ምርት የሚፈይደው ጥቂት ነው። የግብዓት ሥርጭት ጉዳይ በየዓመቱ የወረዳ ኃላፊዎችንም አርሶ አደሩንም የሚያነጋግረው ለዚህ ነው።

ማዳበሪያ ከውጭ ተገዝቶ በአብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ይገባል። በ50 ኪሎ ከረጢት ተሞልቶ ይጓጓዝና በዩኒየኖች መጋዘን በኩል ወደ መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ከዚያም ወደ አርሶ አደሩ ይደርሳል። ርክክቡ በወረቀት ብቻ በሚመዘገብበት ቦታ የወረቀቱ ቁጥር ተደምሮ ወረዳ እስኪደርስ ቀናት ያልፋሉ። በዚህ መካከል በሪፖርት ላይ “ተሰራጭቷል” የተባለ ማዳበሪያ በመጋዘን ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል፤ ከመንገድ ወጥቶ በሕገ ወጥ ነጋዴ እጅ ሊገባም ይችላል። ጉድለቱ የት እንደተፈጠረ ሲጣራ የዘር ጊዜው ያልፋል።

በእጅ የሚያዙ የባርኮድ ማንበቢያ መሣሪያዎች ይህን ክፍተት ለማጥበብ ይረዳሉ። መሣሪያው በጭነት ሰነዱ ላይ የታተመውን ኮድ ያነባል፤ ማን፣ መቼ፣ ስንት ከረጢት እንደተረከበ ይመዘግባል። ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ፕሮግራም ከተጫነበት ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ የተመዘገበውን ይዞ ቆይቶ ኔትወርክ ሲያገኝ ይልካል። የወረዳው ባለሙያም የጭነቱን መውጣትና መግባት ማስተያየት ይችላል።

ሆኖም ግዥው ከሥራው ጋር መመጣጠን አለበት። 400 ኩንታል የጫነ መኪና 800 ከረጢት ይዟል። እያንዳንዱን ከረጢት ማንበብ ማራገፉን ያጓትታል፤ ለዩኒየን መጋዘን ለአንድ ጭነት አንድ ኮድ፣ ከዚያ በተጨማሪ ቆጠራ ይበቃል። ቀኑን ሙሉ መኪና የሚያራግፍ መጋዘን አቧራና መውደቅ የሚችል፣ ባትሪው የሚቀየር መሣሪያ ያስፈልገዋል። ጥቂት ከረጢት ለሚያድል ማኅበር ግን ኮድ የሚያነብ ተራ ስማርት ስልክ ሊበቃ ይችላል። መብራት በሌለበት ቀበሌ የፀሐይ ኃይል መሙያ፣ መሣሪያው ለተበላሸ ዕለት ደግሞ የወረቀት መዝገብ መኖር አለበት።

መሣሪያው ኮድ ያነባል እንጂ አይመዝንም። ተቀድዶ የጎደለውንም ሙሉውንም ከረጢት እኩል ይቆጥራል። ስለዚህ ሚዛኑ ከመጋዘን መውጣት የለበትም። መጋዘኑን የያዘው ሰው ብቻውን የሚመዘግብ ከሆነም በሌለ አርሶ አደር ስም ወጪ ማድረግን የሚከለክለው ነገር የለም፤ ሐሰተኛው መዝገብ ከወረቀት ወደ መሣሪያ ይዛወራል እንጂ አይቀርም። ተረካቢውና አስረካቢው በየበኩላቸው ሊመዘግቡ፣ የወሰዱ አርሶ አደሮች ዝርዝርም በቀበሌው ሊለጠፍ ይገባል።

የወረዳ አመራሩ ሥራውን በሰኔ ጥድፊያ ሳይሆን በበጋው ወራት፣ በአንድ ዩኒየንና በአባል ማኅበራቱ ቢጀምረው ስህተቱን ለማረም ጊዜ ያገኛል። የመጋዘን ሠራተኞችም ቀድመው መሠልጠን አለባቸው። ከሁሉም በላይ፣ የወጣውና የገባው ቁጥር ሳይገጥም ሲቀር በዚያው ሳምንት መልስ የሚሰጥ ኃላፊ በስም ይመደብ። ልዩነት አሳይቶ የሚጠይቀው የሌለው መዝገብ ለአርሶ አደሩ አይጠቅመውም።

አርሶ አደሩም ገንዘቡን ከፍሎ ሲረከብ ከረጢቱን ይቁጠር፣ ያስመዝን፣ ደረሰኙንም ሳይቀበል አይሂድ። ወረዳው የሥርጭቱን ስኬት መለካት ያለበት ከመጋዘን በወጣው ሳይሆን በማሳው ላይ በደረሰው ማዳበሪያ ነው።