የጉለሌ ሸማኔና የደቡብ አሜሪካ ገበያ

ገበያ በራቀ መጠን ብዙ ስንቅ የሚጠይቅ መሆኑ የታወቀ ነው። በእንጦጦ ግርጌ፥ በጉለሌ፥ ከሽሮ ሜዳ ገበያ ጋቢና ነጠላ የሚሸጥ ሰው ልብሱን በጧት ተሸክሞ ቢወጣ በማታ ገንዘቡን ይዞ ይገባል። ይኸው ልብስ ወደ ብራዚል ወይም ወደ አርጀንቲና ይሂድ በተባለ ጊዜ ግን፥ ናሙናው ከተላከበት ቀን አንሥቶ ዋጋው እስከሚከፈልበት ቀን ድረስ ብዙ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። በነዚህ ወራት ፈታይዋም ሸማኔውም መብላት አለባቸው፤ የቤት ኪራይም አይጠብቅም። ወደ ሩቅ ገበያ ለሚገቡ ነጋዴዎች የሚሰጡ፥ የሚያበድሩና ዋስ የሚሆኑ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች የሚያስፈልጉት ይህን የመካከል ጊዜ ለማሻገር ነው። ሊመረመር የሚገባው ነገር፥ ይህ ገንዘብ ከሸማኔው የሥራ ጕድጓድ ድረስ የሚወርድበት መንገድ መኖር አለመኖሩ ነው።

ብራዚል በብዙ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ስሟ የሚነሣው፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በታኅሣሥ ወር 1953 ዓ. ም. እርስዋን በመጐብኘት ላይ ሳሉ በአዲስ አበባ የመንግሥት ግልበጣ ስለ ተሞከረ ነበር ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ከዚያ ወዲህ ግን መንገዱ ቀርቧል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2005 ዓ. ም. ወደ ሳኦ ፓውሎ መብረር ጀመረ፤ በ2010 ዓ. ም. ደግሞ በረራውን እስከ ቦነስ አይረስ አደረሰ። ከታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ. ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ ብራዚል በምትገኝበት በብሪክስ ማኅበር ውስጥ ገብታለች፤ በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የብራዚሉ ፕሬዚዳንት ሉላ ዳ ሲልቫ አዲስ አበባን ጐብኝተዋል። በአየር ወደ 10000 ኪሎ ሜትር ለሚሆን መንገድ፥ ክብደቱ ጥቂት፥ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ዕቃ ይመረጣል።

ቡና ይላክ የሚል ሰው ቢኖር፥ ብራዚል በቡና ምርት ብዛት ከዓለም ሁሉ አንደኛ መሆንዋን ያስታውስ። የትውልድ አገሩ ኢትዮጵያ የሆነው ተክል ከዚያ ከደረሰ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። ዶርዜዎችና ሌሎችም የጋሞ ተወላጆች ከደጋ አገራቸው ወደ ጉለሌ ይዘውት የመጡት የሽመና ጥበብ ግን እንደ ተክል ተነቅሎ የሚተከል አይደለም። በዚያም ላይ የደቡቡ ዓለም ብርድ የሚበረታው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ስለ ሆነ፥ የአውሮፓ ሰው በሙቀት ልብሱን በሚያወልቅበት ወራት የቦነስ አይረስ ሰው የሚደርበውን ይፈልጋል።

ነገር ግን ቀረጡ ቀላል አይደለም። ብራዚል፥ አርጀንቲና፥ ፓራጓይና ኡራጓይ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1991 ዓ. ም. ያቋቋሙት መርኮሱር የተባለው የንግድ ኅብረት ከውጭ በሚገባ ልብስ ላይ እስከ 35 በመቶ የሚደርስ ቀረጥ ያስከፍላል። በመቶ ብር የተገዛ ልብስ የማጓጓዣውና የነጋዴው ትርፍ ሳይታሰብ መቶ ሠላሳ አምስት ብር ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ በርካሽነት ለመወዳደር ማሰብ ከንቱ ድካም ነው። ከውጭ በማሽን ታትሞ የሚመጣው የጥለት አምሳያ በራሱ በሽሮ ሜዳ የእጅ ሥራውን በዋጋ እያሸነፈ ሲታይ፥ በሳኦ ፓውሎ ምን ሊያደርገው እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። ኢትዮጵያ ወደ ሰሜን አሜሪካ ያለ ቀረጥ ከሚያስገባው ከአጎዋ ዕድል በታኅሣሥ 2014 ዓ. ም. ስለ ወጣች ሌላ ገበያ መሻት ግዴታ ሆኗል፤ ይሁን እንጂ አዲሱ ገበያ የሚቀበለው እጅ ብቻ ሊሠራው የሚችለውን ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንመለስ ቢባል፥ ዐይነቱ አንድ አይደለም። ከ1956 ዓ. ም. ጀምሮ በጄኔቭ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የንግድ ማዕከል በእርዳታ መልክ የሚደግፈው ትምህርትን፥ ናሙናን፥ ከገዥ ጋር መገናኘትን ነው። የዓለም ባንክ ደግሞ በ2004 ዓ. ም. በንግድ ሥራ ለተሠማሩ ሴቶች የሚውል 50 ሚሊዮን ዶላር ለኢትዮጵያ ፈቅዶ፥ ገንዘቡ በኢትዮጵያ ልማት ባንክ በኩል ለአነስተኛ አበዳሪዎች ተላልፎ ነበር። ይህ ብድር ለውጭ ገበያ ተብሎ የተለየ ባይሆንም የሚያስተምረው ነገር አለው፤ ቤትና መሬት በስሟ የሌላት ሴት በሌላ መያዣና በችሎታዋ ተመዝና ልትበደር እንደምትችል ታይቷል።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ግን ዋስትናው ነው። የሳኦ ፓውሎ ገዥ ዕቃውን ተቀብሎ ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ እከፍላለሁ ቢል፥ ትልቁ ነጋዴ ይጠብቃል፤ ትንሹ ሊጠብቅ አይችልም። ገዥውም ቢከስር ትንሹ አብሮ ይጠፋል። እንግሊዞች ይህን ተረድተው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1919 ዓ. ም. ወደ ውጭ ለሚሸጡ ዜጎቻቸው መንግሥት ዋስ የሚሆንበትን መሥሪያ ቤት አቋቋሙ፤ ሌሎችም መንግሥታት ተከተሉአቸው። ዛሬ የአውሮፓ ኩባንያ በብራዚል ሱቅ ሲከፍት ድፍረቱ ከራሱ ብቻ የመጣ ሳይሆን ከኋላው የቆመ ዋስ ስላለው ነው። የጉለሌ ሸማኔ ኪሣራ ቢደርስበት የሚያለቅሰው ከጎረቤቱ ዘንድ ነው።

የነዚህ ድርጅቶች ቅጽ ሁሉ የሚጠይቀው ተመሳሳይ ነው፤ የንግድ ፈቃድ፥ የባንክ ሒሳብ፥ ያለፉት ዓመታት የገቢና የወጪ መዝገብ። ሸማኔው በቁራጭ እየሠራ ለአሻሻጭ የሚያስረክብ ስለ ሆነ ይህ ሁሉ በስሙ የለም። መዝገቡ ያለው ከአሻሻጩ ዘንድ ነው። እንግዲህ ለሸማኔ ተብሎ የመጣው እርዳታ ከአሻሻጩ ደጅ ቢቆም፥ ጥፋቱን በሰጪው ላይ ብቻ ማድረግ ፍርድ ማዛባት ይሆናል።

አንድ የሚያሳፍር ነገርም አለ፤ በመሸፈንም አይጠፋም። የአሜሪካ የሥራ መሥሪያ ቤት ሕፃናት በግዳጅ ይሠሩአቸዋል ብሎ በሚያወጣው የዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ የኢትዮጵያን የእጅ ሽመና ልብስ አስገብቶታል። ከጋሞ ደጋ እናስተምራቸዋለን ተብለው የመጡ ልጆች ቀለም መቍጠሩ ቀርቶ ከጕድጓድ ውስጥ ሲውሉ ኖረዋል። ገንዘብ የሚሰጥ ድርጅትም ሆነ ጠንቃቃ ገዥ ከዋጋ በፊት የሚጠይቀው ይህን ነው። ለዚህ የሚሰጠው መልስ ጽሑፍ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ገዥው በፈለገው ቀን መጥቶ የሥራውን ቤት ሲከፍት ልጁን በትምህርት ቤት፥ አዋቂውን በሥራው ላይ ሊያገኝ ይገባል።

ቡናን በተመለከተ ኢትዮጵያ የሲዳሞን፥ የሐረርንና የይርጋ ጨፌን ስም በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ተከራክራ፥ በ1999 ዓ. ም. ስታርባክስ ከተባለው ከታላቁ የአሜሪካ ኩባንያ ጋር እንደ ተስማማች ይታወሳል። ለጥበብ ልብስም ስም ሳይመዘገብለት ናሙናው ባሕር ቢሻገር፥ በሚቀጥለው ዓመት በማሽን ታትሞ ይመለሳል። ስለዚህ ለጉለሌ የሚሰጥ የመጀመሪያው እርዳታ ለኤግዚቢሽን ጉዞና ለሆቴል ከሚውል ይልቅ፥ ሸማኔዎቹና ፈታዮቹ በራሳቸው ስም ለሚያቆሙት ማኅበር፥ ለአንድ የሒሳብ ጸሐፊ ደመወዝ፥ ለስም ማስመዝገቢያና የሁለት ሸማኔዎች ነጠላ በስፋትና በርዝመት እኩል ለሚሆንበት መለኪያ ቢውል ይሻላል። የጉለሌ ክፍለ ከተማ አስተዳደርና የንግድ ሚኒስቴር የማኅበሩን ምዝገባ በዚህ ዓመት ቢያቃልሉ፥ ቅጹ የሚጠይቀው የሦስት ዓመት መዝገብ ቢያንስ ቢያንስ የመጀመሪያው ገጽ ይከፈትለታል።