ጭድና ካርቦን

ቆላማዋ ዋጃ ላይ ቤት ሲመረግ ያየ አንባቢ የዚህን እትም ግማሽ ጉዳይ አስቀድሞ ያውቀዋል። ጭቃው ብቻውን ከሆነ የቆላው ፀሐይ ሲያገኘው ይሰነጠቃል፤ ጭድ ገብቶበት በእግር ተረግጦ ጥቂት ቀን ሲቦካ ግን ይያያዛል። ጭዱ ውጥረቱን ይችላል፣ ጭቃው ጭዱን ጨምድዶ ይይዛል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነሐሴ 2004 ዓ.ም. የተረከበው ቦይንግ 787 ድሪምላይነርም የተሠራው በዚሁ ብልሃት ነው፤ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ በአብዛኛው የካርቦን ክርና ሙጫ ነው። (ሙጫውን በእግሩ የሚረግጠው የለም፤ በሙቀትና በግፊት ነው የሚበስለው።)

ይህ ቁስ አይዝግም፤ እንደ አሉሚኒየም ቶሎ አይዝልም። ከእሳት ጋር ግን ሌላ ጣጣ አለው። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ለንደን ሂትሮው ላይ ቆሞ የነበረው የአየር መንገዳችን 787 ከጅራቱ ፊት ለፊት ጣሪያው ላይ ተቃጠለ። መነሻው የአንዲት ትንሽ የአደጋ ጊዜ ምልክት ማስተላለፊያ ባትሪ ነበረች። ጥገናው ወራት ፈጀ፤ አውሮፕላኑ ግን ተመልሶ በረረ።

የእትሙ ረጅሙ ጽሑፍ የተቃጠለ ካርቦን እንዴት እንደሚጠገን ይተርካል። አዘጋጅ ነኝና አሳጥሩት ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።