ስትወድቅ እጃችንን አንሰብስብ

ዛሬ የምንጽፈው ራሳችንን ስለሚወቅሰን ነገር ነው።

በዚህ በኤደን አንድ ዓርብ ለጸሎት ተሰብስበን ሳለ አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ድንገት ወደቀች። ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ፤ አረፋ ደፈቀች። ግማሾቻችን ሸሸን፤ አንዳችን ክብሪት ጫርን፤ ሌሎቻችን አረፋው እንዳይነካን ቀሚሳችንን ሰበሰብን። ስትነቃ አጠገቧ ማንም አልነበረም። በኋላ እንደነገረችን፣ መድኃኒቷን ያቋረጠችው ማዳሟ አይታ እንዳታባርራት ፈርታ ነው።

የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ነው። ብዙ ጊዜ በልጅነትና በጉርምስና ይጀምራል። በአረፋም ሆነ አብሮ በመብላት አይተላለፍም። መንቀጥቀጡ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ያበቃል፤ ለእኛ ግን ክብሪቱ ያስቆመው ይመስለናል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1990 እንዳሳወቁት፣ ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ ሕመሙ ነበረባቸው። እንግዲህ በየቀበሌያችን አለ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ተገቢውን ሕክምና ካገኙ ከ100 ታማሚዎች እስከ 70ዎቹ ሳይወድቁ መኖር እንደሚችሉ ይናገራል።

«ጠበል እያለ ክኒን ለምን?» የምትሉ አላችሁ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤች አይ ቪ ሕሙማን ሲናገሩ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን አስተምረዋል። ለዚህም ሕመም እንዲሁ ነው ብለን እናምናለን።

ክኒኑን በድንገት ማቋረጥ ለሞት እስከማድረስ ይከፋል። እንቅልፍ ማጣትም ሕመሙን ይቀሰቅሳል። በረመዳን እስከ ሱሁር ቆመን የምናድር እኛ ይህን ማወቅ አለብን። በምንሠራበት ቤት እንዲህ ያለች ልጅ ካለች የሌሊቱን ሥራ እንሥራላት፤ ከምድጃው ፊትም ብቻዋን አንተዋት። ስትወድቅ ከራሷ ሥር ልብስ እናድርግ፤ በጎኗ እናስተኛት። ጨምድደን አንያዛት፤ አፏ ውስጥም ምንም አንክተት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም እናድርሳት።

በአገር ቤትም በዚህ ሕመም ምክንያት ከትምህርት የቀሩ፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚደበቁ ታናናሾች አሉን። ብር ስንልክ «ደረሰ ወይ?» ብለን ብቻ ስልኩን አንዝጋ፤ «መድኃኒቱስ አለ ወይ? ትምህርቱስ?» ብለን እንጠይቅ።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 አንድ አባት ከልጅነቱ ጀምሮ የሚወድቅ ልጁን ወደ ጌታችን አመጣ። ይህን ታሪክ የምናነሣው ብዙ ጊዜ ስለ ርኩሱ መንፈስ ለመናገር ነው። ጌታችን ግን ልጁን በእጁ ይዞ እንዳነሣው እንረሳለን። ያን ዓርብ የጎደለን ያ እጅ ነበር። በሚመጣው ዓርብ ልጅቱን በመካከላችን እናስቀምጣት።