በአራተኛው ቀን ለምን እናቆማለን?

ዛሬ የምጽፈው ስለ ስፖርት ነው። «ስፖርት ለጤና ጠቃሚ ነው» ብዬ ልጽፍ እንዳልሆነ ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ። እሱንማ ሁላችንም እናውቀዋለን። ባለፈው ፈተና ላይ «የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ጥቅሞችን ሦስቱን ጻፉ» የሚል ጥያቄ መጥቶ ሦስቱንም ጽፌ ሙሉ ማርክ አግኝቻለሁ። ያን ሳምንት ግን የቀኑን እንቅስቃሴ ብትጠይቁኝ ከአልጋ ወደ ደብተር፣ ከደብተር ወደ አልጋ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ አምና ለታላቁ ሩጫ ተመዝግቦ ነበር። በ1994 ዓ.ም. የተጀመረውና አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር ላይ እዚሁ አዲስ አበባ የሚካሄደው የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ማለቴ ነው። ካናቴራውን ካመጣ ቀን ጀምሮ ለሁለት ሳምንት ጎህ ሳይቀድ እየተነሳ ይሮጥ ነበር፤ በር ሲከፍት ሁላችንንም ይቀሰቅሰናል። ሩጫውን ጨርሶ ሜዳሊያውን እንዳጠለቀ ቡና ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ሲሮጥ አላየሁትም። ካናቴራው አሁን የወለል መወልወያ ሆኗል። እኔ ራሴ ወልውዬበታለሁ።

በወንድሜ መሳቅ ግን አልችልም። እኔም መስከረም ላይ «በአዲስ ዓመት አዲስ ሰው እሆናለሁ» ብዬ በእናቴ ስልክ ከንጋቱ 11፡30 አላርም ሞላሁ። የመጀመሪያው ቀን ወርጄ ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ውስጥ ገመድ ዘለልኩ፤ ፑሽ አፕም ሞክሬ አራት ሠራሁ። በሁለተኛው ቀን እግሬ ተሳስሮ ደረጃ መውረድ አቃተኝ፤ ቢሆንም ዘለልኩ። በሦስተኛው ቀን ዝናብ ስለነበረ ቤት ውስጥ ስዘል እናቴ «ከታች ባሉት ሰዎች ላይ ልታፈርሺባቸው ነው?» ብላ ተቆጣችኝ። በአራተኛው ቀን ምንም አልሆነም። አልዘነበም፣ አልታመምኩም። አላርሙን አጠፋሁትና ተመልሼ ተኛሁ። በቃ። «ለምን ቀረሽ?» ያለኝ ሰው የለም። እንዲያውም እናቴ ስልኳ ዝም ስላለ ደስ ብሏት ነበር።

ብዙ ሰው ይሄን ስንፍና ይለዋል። እኔ አልስማማም። ሰነፍ ብሆን ኖሮ በመጀመሪያውም ቀን አልነሳም ነበር። የመጀመሪያ ቀን የሚያስነሳን ሞቅታ ነው፤ እሱ ደግሞ እንደ ሻይ ቶሎ ይቀዘቅዛል። እኔን ያሳሰበኝ ሞቅታው ከበረደ በኋላ ምን ያስነሳናል የሚለው ነው።

መልሱን ያገኘሁት ከጎረቤታችን ነው። እማማ ነው የምንላቸው። ስኳር ስላለባቸው ሐኪም እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ነግሯቸዋል። እሑድ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ማስ ስፖርት አለ፤ ሙዚቃ ተከፍቶ አንድ ወጣት ፊት ለፊት ቆሞ ይቆጥራል። እማማ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ሸራ ጫማ አድርገው፣ ሁልጊዜ የመጨረሻው ሰልፍ ላይ ናቸው። እጅ ወደ ላይ ሲባል የእሳቸው ወደ ጎን ነው፤ ግን አይቀሩም። አንድ ቀን «እማማ፣ እንዴት አይሰለችዎትም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ማን አልሰለቸኝም አለሽ? ብቀር እኮ ሁሉም ቤቴ ድረስ መጥተው ምን ሆነው ነው ይሉኛል። ጉልበቴ መሰለሽ የሚያስነሳኝ? ይሉኝታ ነው እንጂ!» አሉኝ።

ይሉኝታ መጥፎ ነገር ነው ሲባል ነበር የምሰማው። ለካ ለስፖርት ይጠቅማል! እቁብም እንደዚሁ ነው። እቁብተኛ በየሳምንቱ ሞቅ ስላለው አይደለም የሚከፍለው፤ የሚጠብቁት ሰዎች ስላሉ ነው።

ስለዚህ ታኅሣሥ ላይ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ተስማማን። ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤት በእግር 25 ደቂቃ ነው፤ በፊት በታክሲ ነበር የምንመጣው። አሁን ጠዋት 1፡10 ላይ ሱቁ በር ተገናኝተን ፈጠን ፈጠን እያልን እንመጣለን። ሕጋችን አንድ ነው፤ የማትመጣ ካለች ማታውኑ ትናገራለች። ከዚያ ወዲህ የቀረሁት አራት ቀን ነው፤ ሁለቱን ጉንፋን ይዞኝ፣ ሁለቱን እውነቱን ለመናገር እንቅልፍ ጥሎኝ። አንድ ሳምንት በእስክሪብቶ ተጣልተን (ጥፋቱ የእሷ ነበር) እሷ በወዲያ ማዶ እኔ በወዲህ ማዶ ሆነን ሳንነጋገር መጣን። ግን መጣን።

አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴም ልጅ ሆኖ አርሲ ውስጥ ወደ ትምህርት ቤት በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጥ ነበር፤ ሲመለስም እንደዚያው። ደብተሩን በግራ እጁ ይዞ ስለሚሮጥ ትልቅ አትሌት ከሆነ በኋላም ግራ እጁን አጠፍ አድርጎ ነበር የሚሮጠው። ጠዋት ጠዋት «ዛሬ መሮጥ ያሰኘኛል ወይ?» ብሎ ራሱን የሚጠይቅበት ጊዜ ያለው አይመስለኝም። ደወሉ ይጠብቀዋል።

ሌላው የእኛ የሴቶቹ ነገር ነው። እስከ አራተኛ ክፍል ድረስ ማንም «ስፖርት ሥሩ» ብሎን አያውቅም። እረፍት ሲደወል ሰኞ ማክሰኞ፣ ሱዚ፣ ፔፕሲ እንጫወትና ላባችን ሳይደርቅ ክፍል እንገባለን። አሁን ሱዚ ብንዘል «ትልቅ ሴት ሆነሽ!» እንባላለን። ዩኒፎርማችን ቀሚስ ነው። ኳሱ አንድ ነው፣ እሱም የወንዶቹ ነው። ስለዚህ ጥላ ሥር ተቀምጠን ጸጉር እንሠራራለን፤ ከዚያ «ሴቶቹ እንቅስቃሴ አይወዱም» ይባላል። ኧረ እንወዳለን! በቀደም አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ሱዚ የሚይዝላት አጥታ ለመነችን። «ለአንድ ደቂቃ ብቻ» ብለን ያዝንላት፤ ደወል እስኪደወል አምስታችንም ስንዘል ነበር።

አሁን ደግሞ መምህራኖቻችን አትቀየሙኝ። የእኛ ክፍል የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሐሙስ ነው። ፈተና ሲቃረብ ግን ምዕራፍ ያልተጨረሰበት ትምህርት ይወስደዋል። ባለፈው ወር ከአራቱ ሐሙሶች ሦስቱን ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ሒሳብ ተምረናል። ማካካሻው አልጠቀመንም ብል ዋሸሁ፤ ያቃተኝ ምዕራፍ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ግን ለምን ሁልጊዜ ስፖርት ሰጪ፣ ሒሳብ ተቀባይ ይሆናል? የስፖርት መምህራችን የሒሳብን ክፍለ ጊዜ ወስደው ያውቃሉ እንዴ? የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለን ልጆች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ እንድንንቀሳቀስ ይመክራል። በቀን ነው ያልኩት፣ በሳምንት አይደለም።

እኔን የቆጨኝ ደግሞ የጠፋው ደቂቃ ብቻ አይደለም። በአራተኛው ሐሙስ ሜዳ ስንወጣ የክፍላችን ግማሹ ቱታ አላመጣም። «ዛሬም የሚኖር አልመሰለንም» አሉ። ልክ እንደ እኔ አላርም ማለት ነው። ሦስት ሳምንት ማንም ካልጠበቀን እኛም መምጣት እንተዋለን።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ አንዱም ብዙ ብር አያስወጣም። የሐሙሱ ክፍለ ጊዜ ለማካካሻ ከተወሰደ በዚያው ሳምንት ይመለስልን። ስፖርት ባለን ቀን ሴቶች ከቤታችን ቱታ ለብሰን እንድንመጣ ይፈቀድልን። ሜዳው ደግሞ ጠዋት ከ1፡30 ጀምሮ ይከፈትልን። እኔና ጓደኛዬ 1፡35 ላይ እንደርሳለን፤ ጥበቃው «ገና ነው» ይሉናል፤ እስከ ሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ድረስ አጥሩን ተደግፈን እንቆማለን። የስፖርት ዕቃ ክፍል ውስጥ ገመዶች እንዳሉ ደግሞ ዕቃ ስናስገባ በዓይኔ አይቻለሁ።

እስከዚያው ግን በእኛ በኩል በታክሲ የምትመጡ ልጆች፣ ሦስተኛና አራተኛ ሰው እንፈልጋለን። ሰኞ ጠዋት 1፡10፣ ሱቁ በር ላይ ነን። የማትመጡ ከሆነ እሑድ ማታ ንገሩን።

ከ7ኛ «ለ» ክፍል