ነባር ፕላኖችን ወደ አውቶካድ መለወጥ፦ ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

በጌዴኦ ዞን ይርጋጨፌ ወረዳ የምትገኘው ኮንጋ በታጠበ ቡናዋ ትታወቃለች። በአካባቢው ያለ አንድ የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያ ተጨማሪ ገንዳ ለመሥራት ወይም የፍሳሽ መስመሩን ለማዛወር ቢያቅድ መነሻ የሚሆነው ጣቢያው ሲገነባ የተዘጋጀው ፕላን ነው። እንዲህ ያለው ነባር ፕላን ብዙ ጊዜ የሚገኘው በወረቀት ወይም ስካን ተደርጎ በፒዲኤፍ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው የ«ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ስትራቴጂ የመንግሥት አገልግሎቶች ወደ ዲጂታል ሥርዓት እንዲሸጋገሩ አቅጣጫ አስቀምጧል። ይሁን እንጂ ፕላንን ስካን ማድረግና ሊታረም ወደሚችል የአውቶካድ ፋይል መለወጥ አንድ ሥራ አይደሉም። ልዩነቱን አለማወቅ ተገልጋዩን ላልተፈለገ ወጪ፣ ሲከፋም ለተሳሳተ ግንባታ ይዳርጋል።

በቅድሚያ የፒዲኤፉን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። ፋይሉ በኮምፒውተር ላይ በጣም ሲጎላ መስመሮቹ ጥርት ብለው ከቆዩ ከንድፍ ሶፍትዌር በቀጥታ የወጣ ነው፤ ቅየራውም በአንጻራዊነት ቀላል ነው። መስመሮቹ ወደ ነጠብጣብነት ከተበተኑ ግን ፋይሉ ፎቶግራፍ እንጂ ንድፍ አይደለም፤ ባለሙያ እያንዳንዱን መስመር ዳግም ሊሥለው ወይም በሶፍትዌር የተነበበውን አንድ በአንድ ሊያርመው ይገባል።

ሁለተኛው ጉዳይ ልኬት ነው። በ1፡500 መስፈርት በተሠራ ፕላን ላይ የ1 ሚሊ ሜትር ስሕተት መሬት ላይ 50 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ወረቀት በእርጥበት ይለጠጣል፤ በፎቶ ኮፒም መጠኑ ይዛባል። ስለሆነም ቅየራው በቁመትም በወርድም ርቀታቸው በቁጥር ከተጻፉ መስመሮች ጋር መመሳከር አለበት። የተጻፈው ቁጥርና የተለካው መስመር ካልተስማሙ በግምት ማስታረቅ ሳይሆን ቦታው ላይ መለካት ይገባል።

ቁጥሮችም ራሳቸው ጥንቃቄ ይሻሉ። በደበዘዘ ስካን ላይ 3 እና 8 በቀላሉ ይምታታሉ። ተዳፋት በሚበዛበት የጌዴኦ መልክዓ ምድር ከፍታን የሚያመለክት አንድ አኃዝ ከተሳሳተ በፕላኑ ላይ ቁልቁል የሚፈስ የመሰለው መስመር በተግባር ሽቅብ ይሆናል። ለቡና መፈልፈያ ጣቢያ ይህ የቡና እጣቢ ባልታሰበ አቅጣጫ ወደ ማሳ ወይም ወደ ወንዝ ይፈሳል ማለት ነው።

የመገኛ ነጥቦች ሥርዓትም መታየት አለበት። ነባር የኢትዮጵያ ካርታዎች በአዲንዳን መነሻ የተዘጋጁ ሲሆን የጂፒኤስ መሣሪያዎች በተለምዶ የሚጠቀሙት ደብሊውጂኤስ 84ን ነው። ሁለቱ ሳይለወጡ ከተደባለቁ አንድ ቦታ ከ100 ሜትር በላይ ሊሸሽ ይችላል።

ከዚህም ሌላ፣ ፕላኑ በትክክል ቢቀየር እንኳ የሚያሳየው የታቀደውን እንጂ የተሠራውን ላይሆን ይችላል። በግንባታ ወቅት የተለወጠ ግድግዳ ወይም ቱቦ የሚታወቀው በመስክ ልኬት ብቻ ነው። የይዞታ ወሰንን በተመለከተም የአሮጌ ፕላን መስመር ወደ ኮምፒውተር መግባቱ ብቻውን መብት አያረጋግጥም፤ በከተሞች ጉዳዩ በሕግ በተደነገገው የይዞታ ማረጋገጥና ምዝገባ ሥርዓት ይመራል።

በመሆኑም ይህን ሥራ የሚያሠሩ ተገልጋዮች፦

• ዋናውን ወረቀት ከቅየራው በኋላም ጠብቀው ሊያቆዩ፤
• ሊታረም የሚችለውን ፋይል ከፒዲኤፍ ቅጂው ጋር አብረው ሊረከቡ፤
• ያልተነበቡና በግምት የተሞሉ ቦታዎች ተለይተው በጽሑፍ እንዲገለጹላቸው ሊጠይቁ፤
• ፋይሉ ለግንባታ ከመዋሉ በፊት በመስክ ልኬት እንዲመሳከርና ኃላፊነት ባለው ባለሙያ ተፈርሞ እንዲቀርብ ሊያደርጉ ይገባል።

የመስክ ልኬት ወጪ በመጀመሪያ ሲታይ ተጨማሪ ሸክም ይመስላል። ሆኖም የተሳሳተን ገንዳ አፍርሶ ዳግም ከመገንባት እጅግ የቀለለ ነው።